ማጭድንና አውድማን አንድ ያደረገ መኪና



ዛሬ በማዕዳችሁ የቀረበው ዳቦ ወይም እንጀራ ከእጃችሁ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ አስባችሁ ታውቃላችሁን? እርሻውንና አረሙን ለጊዜው እንተወው፤ እህሉ ከደረሰ በኋላ ያለውን ሥራ ብቻ እንቍጠር። ገበሬው ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል፤ ያጨደውን በነዶ ያስራል፤ ነዶውን ተሸክሞ ይከምራል፤ አውድማውን በእበት ለቅልቆ ያደርቃል፤ በሬዎቹን እያዞረ ያበራያል፤ ገለባውን በመንሽ እያነሣ ያራግፋል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ነፋስ እስኪነሣ ጠብቆ፣ በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ምርቱን ከእብቁ ይለያል። ይህን ረዥም ድካም በአጭሩ ብናጠቃልለው ሦስት ሥራ እናገኛለን፤ እነርሱም ማጨድ፣ መውቃትና ማዝራት ናቸው።

የዛሬው ንግግሬ እነዚህን ሦስት ሥራዎች በአንድ አካል ይዞ፣ በማሳው ውስጥ እየሄደ በአንድ ጊዜ ስለሚፈጽመው መኪና ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስሙን ያወጡለት «ማጣመር» ከሚለው ግሥ ነው፤ የእኛም አገር ገበሬ ስሙን ተቀብሎ «ኮምባይነር» ይለዋል። የምነግራችሁ ግን ዛሬ በሳተላይት እየተመራ ስለሚሄደው አዲሱ መኪና ሳይሆን፣ አባቶቹና አያቶቹ ስለ ሆኑት ጥንታውያን ኮምባይነሮች ነው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ስለ አሮጌ ብረት ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ይህ ነው። የኮምባይነር ታሪክ የብረት ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ መኪና በአንድ አገር ለምን እንደ ጠፋ፣ በሌላው አገር ለምን እንደ በረታ፣ እንዲሁም የሰው ድካም በመኪና በተቀነሰ ጊዜ ዕረፍቱ ለማን፣ ችግሩ ደግሞ ለማን እንደ ደረሰ የሚነግረን ታሪክ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ አገር ገና አላረጀም።

በመጀመሪያ ሰዎች ይህን መኪና ለመሥራት የተጨነቁበትን ምክንያት እንመልከት። የደረሰ እህል ቀጠሮ አይቀበልም። ከቀኑ ያለፈ ስንዴ ነፋስ ያረግፈዋል፤ ወፍ ይለቅመዋል፤ ያለጊዜው ዝናም ከወረደበትም በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ስለዚህ በጥንት ዘመን አንድ ገበሬ ምንም ያህል ሰፊ መሬት ቢኖረው፣ ሊዘራ የሚደፍረው በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ሊያጭድ የሚችለውን ያህል ብቻ ነበር። የእርሻውን ወሰን የሚያበጀው ሞፈሩ ሳይሆን ማጭዱ ነበር ማለት ነው። እኛም ደቦና ወንፈል የምንወጣው፣ ጎረቤት ለጎረቤት በአጨዳ ወራት የምንጠራራው ስለዚሁ ነው።

ድካሙን ለማቅለል የማሰቡ ነገር እጅግ የቈየ ነው። ፕሊኒ የተባለው የሮማ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በምንለው በጋል አገር ስለነበረ አንድ ሣጥን ይናገራል። ሣጥኑ ሁለት ጎማ ያለው፣ በጫፉ ጥርሶች የተሰኩበት ሲሆን፣ ከብት ከኋላ እየገፋው በእህሉ መካከል ሲያልፍ ዛላውን እየነጨ ወደ ውስጡ ያስገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ጥበብ ተረስቶ፣ ዓለም ከሺህ ዓመት በላይ በማጭድ ብቻ ኖረ።

በኋላ ዘመን መጀመሪያ መልስ ያገኘው ሥራ ማጨድ ሳይሆን መውቃት ነው። በ1786 ገደማ አንድሩ ሚክል የተባለ የስኮትላንድ ሰው፣ በፍጥነት የሚዞር ከበሮ እህሉን እየመታ የሚወቃበትን መኪና ሠራ። መኪናው ከአንድ ስፍራ ቆሞ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ታጭዶ የታሰረውን ነዶ ወደ እርሱ ማምጣት ያስፈልግ ነበር። ይህ ቢሆንም በጥቂት ዘመን ውስጥ በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ድኻ ቀን ሠራተኛ የክረምቱን ብርድ የሚያሳልፈው፣ በባለርስቱ ጎተራ ውስጥ እህል በበትር እየወቃ በሚያገኘው ደመወዝ ነበር። መኪናው ይህን ሥራ ሲወስድበት የሚበላው አጣ። ስለዚህ በ1830 በኬንት አውራጃ የጀመረ ሁከት ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዛምቶ፣ ሠራተኞቹ በብዙ ስፍራ የመውቂያ መኪናዎችን ሰባበሩ። መንግሥትም 19 ሰዎችን በስቅላት ቀጣ፤ ወደ 500 የሚጠጉትንም በግዞት ወደ አውስትራልያ ሰደደ። እንግዲህ ኮምባይነር ገና ሳይወለድ፣ ከአካሉ አንዱ ክፍል ይህን የመሰለ ኀዘን አስከትሎ እንደ ነበረ ልብ አድርጉ።

ማጨዱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘገየም። የሃይማኖት ትምህርት ተማሪ የነበረውና ኋላም ቄስ የሆነው ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ቤል፣ በፈረሶች የሚገፋ ማጨጃ ሠርቶ በ1828 በማሳ ላይ ፈተነው፤ ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበትም ብሎ የባለቤትነት መብት ሳያወጣበት ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 በቨርጂንያ የራሱን ማጨጃ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1834ም የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ማኮርሚክ በዚህ ሥራ ስሙ ገነነ፤ ባለጸጋም ሆነ። ነገር ግን መኪናው ሲሠራ ከአጠገቡ ቆሞ ብረቱን ይቀጠቅጥ የነበረው ጆ አንደርሰን የተባለ ጥቁር ሰው፣ በዚያ ቤተሰብ በባርነት የተያዘ ስለ ነበረ ስሙ በመብቱ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። የሌላውን ወገብ ከማጎንበስ ያዳነ መኪና፣ በሠሪዎቹ መካከል ነፃ ያልወጣ ሰው ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳያችን ደረስን። ሦስቱን ሥራ በአንድነት የማጣመሩ ሐሳብ በተግባር የታየው በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ነው። በ1836 ሐይረም ሙርና ጆን ሐስኮል የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ የሚያጭድ፣ የሚወቃና የሚያበጥር አንድ መኪና የባለቤትነት መብት ተቀበሉ። መኪናው በጣም ትልቅ ስለ ነበረ ወደ 20 የሚጠጉ ፈረሶች ይጎትቱት ነበር። ሞተር የለውም፤ ኀይሉን የሚያገኘው መሬት ላይ ከሚሽከረከረው ጎማው ነበር። ጎማው ሲዞር ቢላዋውን፣ ከበሮውንና ማራገቢያውን ያዞር ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ ሙሉ ነበር፤ ሥራውንም ይሠራ ነበር።

ይህ ከሆነ ስለ ምን በሚሺጋን ሥር አልሰደደም? ምክንያቱ ከመኪናው ሳይሆን ከአገሩ ነው። ማጭድ የሚይዝ ገበሬ እህሉን ጥቂት እርጥበት ሳለበት አጭዶ፣ በነዶና በክምር ያደርቀዋል። ኮምባይነር ግን ያጨደውን ወዲያውኑ ስለሚወቃ፣ እህሉ በቆመበት ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። የሚሺጋን በጋ እርጥበትና ዝናም የበዛበት ነው፤ እርጥብ ሆኖ የተወቃ ስንዴ ደግሞ በጎተራ ይሻግታል። በዚያም ላይ እርሻዎቹ ጠባብ ነበሩ። ለጥቂት ሄክታር ስንዴ ብሎ 20 ፈረስ የሚቀልብ ማን ነው?

በ1854 ግን ከሙር መኪናዎች አንዱ በመርከብ ተጭኖ፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ ካሊፎርንያ ደረሰ። በዚያም በአንድ መከር 240 ሄክታር፣ ማለት ስድስት ጋሻ ያህል ስንዴ ሰበሰበ። ሆኖም በ1856 ዘይት በሚገባ ሳይቀባ በመሥራቱ ብረቱ ግሎ መኪናው ተቃጠለ። መኪናው ቢቃጠልም ትምህርቱ አልተቃጠለም። በካሊፎርንያ መካከለኛ ሸለቆ በጋውን ሙሉ ዝናም አይዘንብም፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ጥቂትና ደመወዙም ውድ ነው። ሚሺጋን የነፈገችውን ሦስቱንም ነገር ካሊፎርንያ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ በስቶክተን ከተማ የሚገኙት የሆልት ወንድማማቾች በ1886 የመጀመሪያውን ኮምባይነራቸውን ሠሩ። የእነርሱ ብልሃት በጥርስ በሚያያዙ ከባድ መዘውሮች ፈንታ ኀይሉን በሰንሰለት ማስተላለፋቸው ነበር፤ ፈረሶች ደንብረው በሮጡ ጊዜ ጥርሱ ይሰባበር ስለ ነበረ፣ ሰንሰለቱ ከዚህ አደጋ አዳነው። በ1891 ደግሞ በተዳፋት ላይ የሚሠራ ኮምባይነር አወጡ፤ ጎማዎቹ የመሬቱን ዝንባሌ ሲከተሉ የመኪናው ሆድ ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። ይህ ባይሆን ኖሮ እህሉ በወንፊቱ ላይ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ከገለባው ጋር ይፈስ ነበር።

የእነዚያ መኪናዎች ሥራ እንዴት ያለ ትዕይንት እንደ ነበረ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ፈረሶች ወይም በቅሎዎች በአንድነት ተጠምደዋል። ነጂው ከመኪናው ፊት በእንስሶቹ ራስ ላይ ወደ ተዘረጋ መሰላል ወጥቶ ተቀምጧል። ጅራፉ ከፊተኞቹ ስለማይደርስ ጠጠር በሣጥን ይዞ፣ የሰነፈውን በቅሎ ለይቶ ይወረውርበታል። ሌላው ሰው የመቍረጫውን ከፍታ እንደ እህሉ ቁመት ያወጣል፣ ያወርዳል። ሌላው የመውቂያውን ክፍል ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ሲንቀጠቀጥ በሚውል ወለል ላይ ተቀምጦ፣ የሞላውን ጆንያ በመርፌ እየሰፋ ወደ መሬት ያንሸራትታል። አቧራው ፀሐይን ይጋርዳል። ሆኖም በአራትና በአምስት ሰው ይህን ያህል ሥራ መሥራት ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላኛው የምድር ጫፍ፣ በአውስትራልያ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ መጥቶ ነበር። በ1843 በደቡብ አውስትራልያ ጆን ሪድሌ የሠራው መኪና፣ ፕሊኒ እንደ ተናገረለት ሣጥን፣ ገለባውን በቆመበት ትቶ ዛላውን ብቻ ይነጭ ነበር። በ1884 ደግሞ ገና 20 ዓመት ያልሞላው የገበሬ ልጅ ሂዩ ቪክተር መኬይ፣ የመንጨቱንና የማበጠሩን ሥራ አጣመረ። መኪናውን «ሰንሻይን»፣ በእኛ ቋንቋ «የፀሐይ ብርሃን»፣ ብሎ ሰየመው፤ ፋብሪካው የሚገኝበትም በሜልቦርን አጠገብ ያለ ስፍራ በ1907 በዚሁ ስም ተጠራ።

ይኸው 1907 ለሌላም ነገር ይታወሳል። የአገሩ ሕግ ለሠራተኞቹ ተገቢ ደመወዝ የሚከፍል ባለፋብሪካ ከልዩ ቀረጥ ነፃ እንዲሆን ያዝዝ ነበርና፣ መኬይ ነፃነቱን ሲጠይቅ ጕዳዩ በዳኛ ሂጊንስ ፊት ቀረበ። ዳኛው ባለፋብሪካው ምን መክፈል ይችላል ብሎ ሳይሆን፣ አንድ ተራ ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንደ ሰው ለመኖር ምን ያስፈልገዋል ብሎ መረመረ፤ ለቀን 7 ሺልንግ ነው ብሎም ፈረደ። የቀረጡ ሕግ በሚከተለው ዓመት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢሻርም፣ የዳኛው መለኪያ ግን ለብዙ ዘመን የአውስትራልያ ደመወዝ መሠረት ሆኖ ቈየ። በ1830 መኪና የሰበሩ ድኾች ወደ ተጋዙበት አገር፣ መኪና የሚሠራው ሰው መብት በሸንጎ ተመዘነ ማለት ነው።

እንግዲህ የፈረሱ ዘመን ወደ ማለቁ ተቃረበ። በእንፋሎት የሚሠራ መጎተቻ ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በደረቀ ገለባ መካከል እሳት ይዞ መሄድ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ግልጽ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኮምባይነሩ ላይ የቤንዚን ሞተር ተጫነ። የዚህ ጥቅም ፈረስን ማሳረፍ ብቻ አልነበረም። ከበሮው ከጎማው ኀይሉን በሚያገኝበት ጊዜ፣ ፈረሶቹ ዳገት ላይ ሲደክሙ ከበሮውም ይደክምና እህሉ ሳይወቃ ያልፍ ነበር። ሞተሩ ከበሮውን ከፈረሶቹ አካሄድ ነፃ አወጣው። የሆልትና የተወዳዳሪው የቤስት ኩባንያዎችም በ1925 ተዋሕደው፣ በሰንሰለት እግር በሚሄዱ ትራክተሮች ስሙ የታወቀውን የካተርፒላርን ኩባንያ አቋቋሙ።

በ1923 በካንሳስ ግዛት ባልድዊን የተባሉ ወንድማማቾች ከፎርድሰን ትራክተር ላይ የሚጫን ኮምባይነር ሠርተው «ግሊነር» ብለው ሰየሙት፤ ይኸውም «ቃራሚ» ማለት ነው። በዚህ ስም ጥቂት እንቁም። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችበትን ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ኦሪት ባለእርሻው ጥጋጥጉን አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዛለች። መኪናው ግን «ቃራሚ» ሲባል ለቃራሚ የሚተርፍ ዛላ አልተውም የሚል ይመስላል። ለባለማሳው ይህ ምስጋና ነው፤ ከማሳው ዳር ቆማ ለምትጠብቀው ሴት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ኮምባይነር በአሜሪካ ታላቅ ሜዳ ሲበዛ፣ በመከር ጊዜ ከአገር አገር እየተዘዋወሩ በአጨዳ ይኖሩ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቀን ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ከዚህም ጋር ትራክተርና ኮምባይነር ያለው ገበሬ ሊያጭድ ስለቻለ ብቻ ሣር የነበረውን ምድር ሁሉ አረሰው። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ ያ ሥሩ የተነቀለ አፈር በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጨለመው። የእርሻን ወሰን ያበጅ የነበረው ማጭድ ቀርቶ ነበርና፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወሰን ሊያበጅ ይገባው ነበር፤ አላበጀም።

ትልቁ መኪና ለባለትልቅ እርሻ ብቻ እንዳይሆን የታሰበውም በዚያው ዘመን ነው። በ1935 አሊስ ቻልመርስ የተባለው ኩባንያ «ኦል ክሮፕ» የተባለ አነስተኛ ኮምባይነር ለገበያ አቀረበ። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አነስተኛ ትራክተር ይጎትተዋል፤ ኀይሉንም ከዚያው ትራክተር ይወስዳል። የከበሮው መምቻ ጎማ የለበሰ ስለ ነበረ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ባቄላ መሳይ ጥራጥሬና ጥቃቅን የሣር ዘር ሳይሰብር ይወቃ ነበር። አንድ ቤተሰብ ያለ ቅጥር ሠራተኛ መከሩን እንዲያገባ ያስቻለ በመሆኑ ብዙ ገበሬዎች ወደዱት። በአውሮፓም ገለባው ረዥምና እርጥብ በሆነበት አገር ኮምባይነር አይሠራም ይባል የነበረውን፣ የጀርመኑ ክላስ በ1936 ባወጣው መኪና ስሕተት መሆኑን አስመሰከረ። በሶቪዬት ኅብረትም ከ1930 ጀምሮ በዛፖሮዥዬ ይሠራ ጀመር።

እስከዚህ ድረስ አብዛኛው ኮምባይነር ተጎታች ነበር። ተጎታች መኪና አንድ ጕድለት አለው፤ ትራክተሩ ፊት ፊት ስለሚሄድ፣ ማሳውን ሲከፍት ያልታጨደውን እህል በጎማው ይረግጣል። ማሲ ሐሪስ በተባለው የካናዳ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አውስትራልያዊው መሐንዲስ ቶም ካሮል፣ መቍረጫውን ከፊት፣ ሞተሩን ከላይ አድርጎ በራሱ የሚሄድ መኪና ሠራ፤ ይህም በ1938 ለገበያ ወጣ። ከዚያም ቀለል ያለው ቍጥር 21 ተከተለ።

ይህ መኪና የተፈተነው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1944 ጎልማሶች ወደ ጦር ሜዳ ዘምተው የአጫጅ እጅ ጠፍቶ ነበር፤ ብረትም በመንግሥት ቍጥጥር ሥር ስለ ነበረ እንደ ልብ አይገኝም። ኩባንያው ለ500 ኮምባይነሮች የሚበቃ ብረት በብልጫ እንዲፈቀድለት ለመነ፤ እያንዳንዱም መኪና 800 ሄክታር ያህል እንዲያጭድ ቃል ገባ። ፈቃዱንም አገኘ። እነዚያ 500 መኪናዎች መከሩ ቀድሞ ከሚደርስበት ከደቡብ ተነሥተው፣ እህሉ እየበሰለ ወደ ሰሜን ሲሄድ እርሱን እየተከተሉ እስከ ካናዳ ወሰን ደረሱ። ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ፣ ማለት 10 ሺህ ጋሻ ያህል አጨዱ። ከዚህ በኋላ አንድ ገበሬ መኪናውን ሳይገዛ በኪራይ ሊያሳጭድ እንደሚችል፣ አንድ መኪናም በየስፍራው እየዞረ ብዙ ገበሬ ሊያገለግል እንደሚችል ለዓለም ታየ።

እስቲ አሁን ወደ ጥንታዊው ኮምባይነር ሆድ እንግባ። እጅግ የተወሳሰበ ቢመስልም፣ አውድማ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር የለበትም። ከፊቱ የሚሽከረከረው ክንፍ ያለው መዘውር፣ አጫጁ በግራ እጁ እህሉን እንደሚሰበስብ ዛላውን ወደ መቍረጫው ያጎነብሰዋል። ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ባለጥርስ ቢላዋ ማጭዱ ነው። የተቈረጠው ወደ ውስጥ ተስቦ በከበሮውና ከሥሩ ባለው ጎድጓዳ ፍርግርግ መካከል ሲያልፍ ይወቃል፤ ይህ የበሬዎቹ ኮቴ ነው። ቀጥሎ እየተነሡ እየወደቁ ገለባውን ወደ ኋላ የሚገፉት አራጋፊዎች መንሹ ናቸው፤ በገለባው ውስጥ የቀረውን ፍሬ አራግፈው ያወርዳሉ። ከሥር የሚነፍሰው ማራገቢያ ገበሬው ቆሞ የሚጠብቀው ነፋስ ነው፤ እብቁን ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ወንፊት አለ፤ ከወንፊቱም በታች ጆንያ ወይም ጎተራ መሳይ ጋን አለ። እንግዲህ መኪናው ከአውድማው ጥበብ አንድም አልጣለም፤ ሁሉን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ እንጂ።

የዚህም መኪና ብልሃት ሁሉ በልክ ነው። ለስንዴ ከበሮው ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 1000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከልክ በላይ ቢፈጥን ፍሬው ይሰበራል፤ ቢዘገይ ፍሬው በዛላው ይቀራል። ነፋሱ ቢበረታ እህሉ ከእብቁ ጋር ይጠፋል፤ ቢደክም እብቁ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የድሮ ነጂ መስተዋት ያለው ክፍል ሳይኖረው፣ በአቧራና በፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ፣ መኪናውን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይነዳ ነበር። ከበሮው ድምፁን ሲለውጥ እህሉ እንደ በዛበት ያውቃል። ከመኪናው ወርዶ ከኋላ የወደቀውን ገለባ በእጁ እያነሣ የጠፋ ፍሬ የሚቈጥር ነጂ፣ እርሱ ባለሙያ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አሠራር ለብዙ ዘመን በሁሉም ዘንድ አንድ ሆኖ ቈየ። በ1975 ኒው ሆላንድ፣ በ1977ም ኢንተርናሽናል ሐርቬስተር፣ በአራጋፊው ፈንታ በረዥም የሚሽከረከር በርሜል መሳይ መውቂያ ያላቸውን መኪናዎች አወጡ። ባለአራጋፊው ኮምባይነር ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን የጥንታውያኑን ዘመን ፍጻሜ ከዚህ ላይ ብናደርገው ብዙ አንሳሳትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት የታሰበ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ መሬቱ ከቀድሞው ይልቅ የሚያተርፍ ሆነ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ባለርስቶች በትራክተርና በኮምባይነር ራሳቸው ማረስና ማጨድ እንደሚችሉ ስላዩ፣ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስለቀቁ። ለረዳት የመጣው መኪና ለብዙ ቤተሰብ የስደት ምክንያት ሆነ። ጭሰኝነትም በ1975 በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀረ። ጥፋቱ የከበሮው ወይም የቢላዋው አልነበረም፤ መኪናው ሲገባ የጭሰኛውን መብት የሚጠብቅ ሕግ ቀድሞ ባለመቆሙ ነበር።

ዛሬ በአርሲና በባሌ ኮምባይነር በመከር ጊዜ ከማሳ ወደ ማሳ ይዞራል፤ ባለማሳውም መኪናውን ሳይገዛ በኩንታል ሒሳብ እየከፈለ ያሳጭዳል። ጎረቤታሞች ማሳቸውን ኩታ ገጠም አድርገው አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ጊዜ ሲዘሩ፣ ትልቁ መኪና በትንንሽ ማሳዎች ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ይህ በእኔ አስተያየት የደቦ ልጅ ነው፤ በአንድ ማሳ የማይቻለውን በኅብረት ማድረግ ነውና።

ይሁን እንጂ መኪናውን የምትከራዩ ገበሬዎች ጥቂት ነገር ልብ በሉ። እህሉ ሳይደርቅ አታስገቡት፤ የሚሺጋንን ታሪክ አስታውሱ። መኪናው ከሌላ ሰው ማሳ ሲመጣ ሆዱ ተጠርጎ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የአረም ዘር ተሸክሞ ይመጣልና። ገለባው ለከብቶቻችሁ ቀለብ ነው፤ መኪናው በትኖት ከሄደ ሳይበላሽ ሰብስቡት። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ፣ አገዳውም ተኝቶ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፣ ለስንዴ የተሠራው መኪና ገና አላሸነፈውም፤ አብዛኛው ጤፍ ዛሬም በማጭድ ይታጨዳል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በአጨዳ ወራት ጕልበቱን ሸጦ የሚያድረውንና ቃርሚያ የምትጠብቀውን አንርሳ። መኪናው የገበሬውን ወገብ ከማጎንበስ ማዳኑ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በማጭድ እንዲጎብጥ አይመኝም። ነገር ግን የኬንት ድኾች፣ ጆ አንደርሰንና የጭላሎ ጭሰኞች አንድ ነገር ያስተምሩናል። መኪና ሦስት ሥራን አንድ ማድረግ ይችላል፤ ያተረፈውን ጊዜና እህል ለሰው ማካፈል ግን አይችልም። ያንን የሚያደርጉት ሕግ የሚያወጣው ሹም፣ መኪናውን የሚያከራየው ነጋዴና ማሳው የታጨደለት ጎረቤት ናቸው። በዚህ ዓመት መኪናው ወደ ቀበሌያችሁ ሲገባ፣ ስንት ኩንታል እንደ ሰበሰበ ከመጠየቃችሁ ጋር፣ ትናንት በማጭድ ያጭድላችሁ የነበረው ሰው ዛሬ የት እንዳለ ደግሞ ጠይቁ።